ለፋቲ ሊቨር የቱን ልግዛ? ሲሊማሪን፣ እርድ፣ ግሪን ቲ ወይስ ሽፈራው

አልትራሳውንድ ያነሳኝ ልጅ ሆዴ ላይ የቀባውን ጄል በሶፍት እየጠረገ «ትንሽ ስብ አለው፣ ግሬድ ዋን ነው» አለኝ። ጉበቴን ነው፤ ፋቲ ሊቨር የሚሉት የጉበት ስብ፣ ቀላሉ ደረጃ። ወጥቼ ጥቁር አንበሳ አካባቢ አንድ ፋርማሲ ገባሁ። ልጅቷ ሦስት ብልቃጥ ደረደረችልኝ፤ ሲሊማሪን፣ እርድና ግሪን ቲ። «ጋሼ፣ ሁሉም ለጉበት ነው፤ የፈለጉትን ይውሰዱ።»

የፈለግኩትን ብወስድ ኖሮ ከሦስቱ ሁለቱ ጉበት የመጉዳት ታሪክ ያላቸው ነበሩ።

«የጉበት ሴልን ከጉዳት ይከላከላል» የሚለው ወሬ ከቤተ ሙከራ የመጣ ነው። የጉበት ሴሎች ሳህን ላይ ያድጋሉ። ፓልሚቲክ አሲድ የሚባል ስብ ይጨመርባቸዋል። የምናውቀው የሚረጋው የፓልም ዘይት 44 በመቶ ገደማው ይኸው ስብ ነው። ሴሎቹ ስብ ያጠራቅማሉ፣ ይዳከማሉ፣ የሚሞትም አለ። ከተክል የተጨመቀ ንጥረ ነገር (ኤክስትራክት) ሲጨመርላቸው ብዙዎቹ ይተርፋሉ። ስብን የሚያሳይ ቀይ ማቅለሚያ ሲነካቸውም የስቡ ጠብታ አንሶ ይታያል። ደስ ይላል። ግን ሳህን ላይ ያለ ሴል ኤክስትራክቱ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይውላል። እኛ ስንውጠው አንጀት ብዙውን አያሳልፈውም፣ ያለፈውንም ጉበት ራሱ ይፈጨዋል። የሳህኑን ፈተና ብዙ ተክል ያልፋል። ገዢን የሚመለከተው ሰው ላይ ምን አደረገ የሚለው ነው።

ከሲሊማሪን እንጀምር። ኮሸሽላ ከሚመስል፣ ሚልክ ቲስል ከሚባል እሾሃማ ተክል ፍሬ ይወጣል። የእነ አደይ አበባና ኑግ ዘመድ ነው፤ እንዲህ ዓይነት አበባ አለርጂ የሚቀሰቅስበት ሰው ይጠንቀቅ። አውሮፓ ውስጥ መርዛማ እንጉዳይ ለበላ ሰው ዋናው ቅመሙ በደም ሥር ይሰጣል፤ ተራ ቅጠል አይደለም። ለፋቲ ሊቨርስ? በ2017 የወጣ የማሌዥያ ጥናት 99 ሕሙማን ላይ ሞክሮታል። በቀን ሦስት ጊዜ 700 ሚሊ ግራም፣ ለ48 ሳምንት። ዋናው የተጠበቀው ለውጥ ለማወዳደሪያ ከተሰጠው ባዶ ኪኒን ብዙም አልበለጠም። የጉበት ጠባሳ ላይ ግን ተስፋ የሚሰጥ ነገር ታይቷል። የከፋ ጉዳት አላመጣም።

አሁን ሒሳቡን እዩት። 700 ሦስቴ 2100 ነው። ብልቃጡ ውስጥ ያለው እንክብል 140 ሚሊ ግራም ከሆነ፣ በቀን 15 መዋጥ ነው። የ60 ፍሬ ብልቃጥ በአራት ቀን ያልቃል! እንደተለመደው በቀን ሦስት ከወሰዳችሁ 20 ቀን ይቆያል፤ ግን ጥናቱ ላይ የነበረውን መጠን አልወሰዳችሁም።

ሌላው ወጥመድ ጽሑፉ ነው። አንዱ ብልቃጥ ፊቱ ላይ በትልቁ «1000 ሚሊ ግራም» ይላል። አዙሬ መነጽሬን አጠለቅኩ። ጀርባው ላይ በጉንዳን ፊደል 250 ሚሊ ግራም፣ ከ1000 ሚሊ ግራም ፍሬ ጋር የሚመጣጠን ይላል። ሲሊማሪኑ ስንት በመቶ እንደሆነ አልተጻፈም። መለስኩት። ጥሩው 70 ወይም 80 በመቶ ብሎ ይጽፋል። ዋጋ ስታወዳድሩ ብልቃጥን ከብልቃጥ ሳይሆን የአንዱን እንክብል ሲሊማሪን ከሌላው ጋር አወዳድሩ።

እርድ ወጥ ውስጥ ምንም አይልም። ዱቄቱ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን 3 በመቶ ገደማ ነው፣ እሱም በደንብ ወደ ደም አይገባም። ስለዚህ እንክብል የሚሠሩት ሰዎች የቁንዶ በርበሬ ቅመም ይጨምሩበታል። በ1998 በተደረገ ሙከራ ይህ ወደ ደም የሚገባውን 20 እጥፍ አሳድጎታል። እዚህ ላይ ነው ነገር የሚመጣው። ከእርድ እንክብል ጋር የተያያዘ የጉበት ጉዳት ጣሊያንም አሜሪካም ታይቷል። በ2022 የአሜሪካ ሐኪሞች 10 ሰዎችን መዝግበዋል፤ የአንዱ ሕይወት አልፏል። በብዙ ሚሊዮን ከሚውጠው ሰው አንጻር ጥቂት ነው። ግን ለጉበቴ ብዬ ገዝቼ ጉበቴን ላስመታ? መርካቶ ሄጄ ቅመሙን ሰፍሬ ብመጣ ይሻለኛል።

ግሪን ቲም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። በስኒ የተፈላው ችግር የለውም። የተጨመቀው እንክብል ግን ሌላ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2018 እንዳለው፣ ዋናው ቅመሙ በቀን 800 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ሲወሰድ የጉበት ኢንዛይም ሊጨምር ይችላል። «ክብደት ይቀንሳል» ተብሎ የሚሸጠውን በተለይ አልነካም።

ሽፈራው? ኮንሶዎች እንደ ጎመን ይበሉታል፣ እናንተም ብሉ። ለጉበት ያለው ማስረጃ በአብዛኛው አይጥና ሳህን ላይ ነው። ለእንክብሉ ብር አላወጣም።

ከእነዚህ አንዱን የግድ ካላችሁኝ ሲሊማሪን ነው፤ ጥቅሙ ስለተረጋገጠ ሳይሆን ጉዳቱ ብዙ ስለማያሰጋኝ። ግን ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ የሌለ አንድ ተፎካካሪ አለ። ቡና። በቀን ሦስት ስኒና ከዚያ በላይ የሚጠጡ ሰዎች ጉበታቸው ላይ ጠባሳ አነስ ብሎ መታየቱ በተለያዩ አገሮች ተደጋግሞ ተዘግቧል። ቡና ጠጪውን ሌላ ነገር ለይቶት ሊሆን ይችላል፣ ቢሆንም አቦል፣ ቶና፣ በረካ ማለት ለኛ አዲስ ሥራ አይደለም። ስኳሩን ብቻ ተዉት። ሚዛኑ ደግሞ ሁሉንም ያስከነዳል። ከክብደት ከ7 እስከ 10 በመቶ መቀነስ የጉበትን መቆጣት (ኢንፍላሜሽን) እንደሚያበርድ በደንብ ታይቷል። እኔ 84 ኪሎ ነኝ፤ ቢያንስ ስድስት ኪሎ ማለት ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ሄፓታይተስ ቢ ተመርመሩ፤ ስብ ብቻ ላይሆን ይችላል። ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ፣ ነፍሰ ጡሮችም፣ ሐኪም ሳትጠይቁ አትጀምሩ። ቀድሞ የጀመረ ካለ ደግሞ ብልቃጡን ይዞ ይሂድ። «የጉበት ቫይታሚን ነው» ቢሉት ሐኪሙ ምን እንደሆነ አያውቅም።