ጓዝ ጠቅልሎ ወደ ቤት መመለስ፦ የመኝታ ባቡር ወይስ አውሮፕላን?

ጓዝ፦ ብዙ አየር መንገዶች አንዱን ሻንጣ በ23 ኪሎ ይገድባሉ፤ ትርፉ ያስከፍላል። በባቡር አብዛኛውን ጊዜ ሚዛን አይጠብቅዎትም፤ ነገር ግን የፉርጎውን ደረጃ ተሸክመው የሚወጡት እርስዎ ነዎት። ብቻዎን በአንድ ጊዜ ማንሳት የማይችሉትን አስቀድመው በጭነት ይላኩ።

ወጪ፦ ለብቻ የሚያዝ የመኝታ ክፍል ከአውሮፕላን ትኬት ሊበልጥ ይችላል። ባለ 4 ወይም ባለ 6 አልጋው የጋራ ክፍል ይቀልላል፤ የአንድ ሌሊት የሆቴል ኪራይም ያስቀራል።

እንቅልፍ፦ ከመንኮራኩሩ በላይ፣ በፉርጎው ጫፍ ያለው አልጋ ያንገጫግጫል፤ መሃሉን ይምረጡ።

ስሜት፦ ለእኔ ትልቁ ሚዛን ይህ ነው። አውሮፕላን ገላን በጥቂት ሰዓት ያደርሳል፤ ልብ ግን ወደኋላ ይቀራል። በባቡር ንጋት ላይ ጉም የያዘውን መስኮት በእጅጌ ጠርጎ፣ ምድሩ ቀስ በቀስ የሚያውቁትን መልክ ሲይዝ ማየት አለ። ለዓመታት የኖሩበትን ከተማ ለመሰናበት ያ ሌሊት ያስፈልጋል።

ሕፃን ወይም ታማሚ ለያዘ፣ በማግስቱም ሥራ ለሚጀምር አውሮፕላን ይሻላል፤ የረጅም መንገድ ባቡር ሊዘገይ ይችላልና። ጊዜ ላለውና ብቻውን ለሚመለስ ግን ባቡሩን እመርጥለታለሁ።