ተፈትቶ የሚገጠመው የሴል ሞዴል፦ ምኑ ልክ ነው፣ ምኑስ መታረም አለበት

ለባዮሎጂ ክፍል የሚሸጠው ይህ የፕላስቲክ ሞዴል ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ የእንስሳ ሴል፣ ሌላው የእጽዋት ሴል። እያንዳንዱ 40 ሳንቲሜትር ያህል ይሰፋል። የውስጥ አካላቱ በማግኔትና በችካል ስለተያዙ ይነቀላሉ፣ ይመለሳሉ። የየአካሉን ስም በቁጥር የሚገልጽ ወረቀትም አብሮት ይመጣል። ቀለሙ ደማቅ ነው፣ ቅርጹም ያምራል። የማስተማሪያ ዕቃ የሚመዘነው ግን ተማሪው ውስጥ በሚተወው ግንዛቤ ነው። በዚህ ሚዛን የእንስሳው ሴል በደንብ ያልፋል፤ የእጽዋቱ ግን ሳይታረም ክፍል መግባት የለበትም።

የእንስሳው ሴል ብርታት ከኒውክለሱ ይጀምራል። ኒውክለሱ ሲከፈት ሽፋኑ ድርብ መሆኑ ይታያል፤ የውጭኛው ሽፋን ሳይቋረጥ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም የሚባለው የሽፋን መረብ ሆኖ ይቀጥላል። ብዙ ሞዴሎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ኒውክለሱን ለብቻው ያስቀምጡና ሬቲኩለሙን ራቅ አድርገው ይለጥፉታል። ተማሪውም ሁለቱን የማይገናኙ ነገሮች አድርጎ ይይዛቸዋል። እዚህ ግን ፕሮቲን የሚያልፍበትን መንገድ በጣት እየተከተሉ ማሳየት ይቻላል። ዲኤንኤው ላይ ያለው መመሪያ ኤምአርኤንኤ ወደሚባል መልእክት አድራሽ ቅጂ ይገለበጥና በኒውክለሱ ቀዳዳዎች ይወጣል። ራይቦዞም እያነበበ አሚኖ አሲዶችን ይቀጣጥላል። ፕሮቲኑ ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ ራይቦዞሙ ሬቲኩለሙ ላይ ተጣብቆ ሰንሰለቱን ወደ ውስጥ ያስገባዋል፤ እዚያ ተጣጥፎ ቅርጹን ይይዛል። ከዚያ በትንንሽ ከረጢቶች ወደ ጎልጂ ይሻገራል፤ ጎልጂም አስተካክሎና መድረሻውን ለይቶ ይልከዋል።

ጎልጂው ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የተያዘው በአንድ ችካል ብቻ ስለሆነ ተገልብጦም ይገባል። አንዱ ፊቱ ተቀባይ፣ ሌላው ላኪ ነው፤ ተቀባዩ ወደ ሬቲኩለሙ፣ ላኪው ወደ ሴሉ ሽፋን መዞር አለበት። መጀመሪያ በትክክል ሲገጠም በተቀባዩ ፊትና በመደቡ ላይ በማይለቅ ቀለም አንድ አንድ ነጥብ ማድረግ ችግሩን ይፈታዋል።

የሴሉ ኃይል ማመንጫ የሆነው ሚቶኮንድሪያ ከሁሉም በላይ የተዋጣለት ክፍል ነው። ተሰንጥቆ ስለተሠራ ውስጡ ይታያል፦ የውጭኛው ሽፋን ልሙጥ ነው፣ የሚታጠፈው የውስጠኛው ብቻ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ኤቲፒን፣ ማለትም ሴሉ ለሥራው የሚጠቀምበትን ኃይል ተሸካሚ ሞለኪውል፣ የሚያመርቱት ፕሮቲኖች የሚቀመጡት በውስጠኛው ሽፋን ላይ ነው፤ በታጠፈ ቁጥር ለእነሱ የሚሆን ቦታ ይበዛል። ከምግብ በተገኘ ኃይል ፕሮቶኖች በሁለቱ ሽፋኖች መካከል ወዳለው ጠባብ ክፍተት ይገፋሉ፤ ተመልሰው ሲገቡ ኤቲፒ የሚሠራውን ኤንዛይም ያሽከረክሩታል። ሁለቱንም ሽፋኖች አብሮ ያጠፈ ሞዴል ላይ ይህን ማስረዳት አይቻልም፤ ሌላ ሞዴል የሚገዛም ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ይህችን ቦታ ቢያይ ጥሩ ነው። የጎደለው የሚቶኮንድሪያው የራሱ ዲኤንኤ ነው። የሰው ሚቶኮንድሪያ 16,569 ጥንድ ቤዞችና 37 ጂኖች ያሉት ክብ ዲኤንኤ አለው። ከቀጭን ክር ትንሽ ቀለበት ሠርቶ መሃሉ ላይ መለጠፍ ይበቃል።

መጠን ላይ ሞዴሉ ያሳስታል፤ የቁጥር ወረቀቱም ስለዚህ አንድ ቃል አይልም። 20 ማይክሮሜትር የሆነ የእንስሳ ሴል 40 ሳንቲሜትር ሲሆን 20,000 ጊዜ ጎልቷል ማለት ነው። በዚህ ስሌት 6 ማይክሮሜትር የሚሆነው ኒውክለስ 12 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ ሞዴሉ ላይ ያለው ለዚህ የቀረበ ነው። ራይቦዞም ግን 25 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ መሆን ሲገባው እዚህ የ4 ሚሊሜትር ዶቃ ተደርጓል። የሴሉ ሽፋን የባሰ ነው። እውነተኛው ከ7 እስከ 8 ናኖሜትር ይወፍራል፤ ሲጎላ ከጽሕፈት ወረቀት ብዙም አይበልጥም። ሞዴሉ ላይ 1 ሳንቲሜትር የወፈረ ግንብ ሆኗል። ተማሪው ይህን ካየ በኋላ ኦክስጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሽፋኑ እንዴት ሰርገው እንደሚያልፉ ቢቸገር አይፈረድበትም። አንድ ወረቀት ጠርዙ ላይ አስጠግቶ «ትክክለኛው ውፍረት ይህ ነው» ማለት ብዙ ያስተካክላል። ዲኤንኤውንም በዚሁ ስሌት ማሳየት ይቻላል፦ በአንድ የሰው ሴል ያለው ዲኤንኤ ቢዘረጋ 2 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ 20,000 ጊዜ ሲጎላ 40 ኪሎሜትር ይሆናል። ይህ ሁሉ 12 ሳንቲሜትር ኒውክለስ ውስጥ የሚገባው በፕሮቲን ላይ እየተጠመጠመ ነው።

በአካላቱ መካከል ያለው ቦታ ጥርት ያለ ባዶ ፕላስቲክ ነው፤ ይህ የእንስሳው ሴል ዋና ጉድለት ነው። ሳይቶፕላዝም በፕሮቲን የታጨቀ ነው፤ የሴሉን ቅርጽ የሚይዙና መንገድ የሚሆኑ ዘንጎችም ተዘርግተውበታል። ከእነሱ ትልቁ፣ ማይክሮቲዩቡል፣ 25 ናኖሜትር ይወፍራል። ኒውክለሱ አጠገብ ካሉት ጥንድ ሲሊንደሮች፣ ከሴንትሪዮሎቹ፣ አካባቢ ወደ ሽፋኑ ግማሽ ሚሊሜትር የሚወፍር ክር ጥቂት ጊዜ መወጠር ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያሳያል፦ ከረጢቶቹ ዝም ብለው እንደማይንሳፈፉና በክሩ ላይ እየተጎተቱ እንደሚሄዱ። ላይሶዞሙን ወረቀቱ «ቆሻሻ ማስወገጃ» ብሎታል፤ ይህም መታረም አለበት። ላይሶዞም ያረጁ የሴል ክፍሎችን ፈጭቶ ጥሬ ዕቃውን ለሴሉ ይመልሳል። ውስጡ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 5 አካባቢ፣ ማለትም አሲዳማ፣ ሲሆን ውጩ 7.2 ገደማ ነው፤ ፈጪ ኤንዛይሞቹ አምልጠው ቢወጡም ውጭ እምብዛም የማይሠሩት ለዚህ ነው።

የእጽዋቱ ሴል ሦስት ስህተት አለበት። ሚቶኮንድሪያ የለውም፤ ይህ በጣም ከባዱ ነው፣ ምክንያቱም «እጽዋት ክሎሮፕላስት ስላላቸው ሚቶኮንድሪያ አያስፈልጋቸውም» የሚለውን የተለመደ ስህተት ያጸናል። ክሎሮፕላስት ስኳር ይሠራል፤ ያን ስኳር ለሴሉ ሥራ ወደሚሆን ኤቲፒ የሚቀይረው፣ በተለይ ሌሊትና ብርሃን በማያገኘው ሥር ውስጥ፣ ሚቶኮንድሪያው ነው። ሁለተኛ፣ አበባ ያላቸው እጽዋት ሴንትሪዮል የላቸውም፤ እዚህ ግን ተቀምጧል፣ መነቀል አለበት። ሦስተኛ፣ ቫኪዩሉ፣ ማለትም ፈሳሽ የያዘው ትልቅ ከረጢት፣ በጣም አንሷል። የበሰለ የእጽዋት ሴል ውስጥ እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ቦታ ሊይዝ ይችላል፤ ሌሎቹን አካላት ወደ ጠርዝ የሚገፋቸው፣ ግድግዳውን ተጭኖ ቅጠሉን የሚያቆመውም እሱ ነው። ሁለቱ ሴሎች በአንድ መጠን እንዳልተሠሩም መናገር ያስፈልጋል። 5 ማይክሮሜትር የሚሆነው ክሎሮፕላስት 4 ሳንቲሜትር የተደረገ ስለሆነ የእጽዋቱ ሴል የጎላው 8,000 ጊዜ ብቻ ነው።

ስለ አያያዙ፦ በአልኮል አይጠረግ፣ ቀለሙ ይነሳል፤ በትንሹ የረጠበ ጨርቅ ይበቃዋል። ቁጥሮቹ የተለጠፉ ስለሆኑ በጣት ብዛት ይላቀቃሉ፤ ገና አዲስ ሳሉ በግልጽ ቴፕ መሸፈን ይሻላል። አካላቱን ሲነቅሉ ከሥር ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው፤ ወደ ጎን ከተጠመዘዘ ችካሉ ይሰበራል።

መግዛት ለወሰነ ሰው፣ ትርፍ አካላት ያሉት እሽግ ካለ እሱን ይምረጥ፤ ቢያንስ አምስት ስድስት ተጨማሪ ሚቶኮንድሪያ ያስፈልጋሉ። ሁለቱ ወደ እጽዋቱ ሴል ይገባሉ። በቀሩት ተማሪዎቹ የእንስሳውን ሴል እየቀየሩ ይሥሩበት፦ የልብ ጡንቻ ሴል ሲባሉ ሚቶኮንድሪያ ይጨምሩ፤ ኤንዛይም የሚያመነጭ የቆሽት ሴል ሲባሉ ሻካራውን (ራይቦዞም የተጣበቀበትን) ሬቲኩለምና ጎልጂውን ሳይነቅሉ በቦታቸው ትተው ለምን እንደሆነ ያስረዱ፤ የበሰለ የሰው ቀይ የደም ሴል ሲባሉ ደግሞ ኒውክለሱንም ሚቶኮንድሪያውንም ነቅለው ያውጡ።