«ጨርሰናል» የሚል ወረቀት ላይ እንዳትፈርሙ

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ ያላችሁ ወገኖች፣ ይቺን አንብቡልኝ። ተሽከርካሪ ገጭቷችሁ ገና ሳታገግሙ የዕርቅ ወረቀት ከመጣላችሁ እስክሪብቶ አትንኩ።

አክስቴን ከሰኞ ገበያ ስትመለስ ባጃጅ ገጫት። እግሯ ተሰበረ፣ ብረት ገባላት። ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌዎች መጡ። ወሎ ውስጥ ሽማግሌ ደጅ ቆሞ እምቢ ማለት እንዴት እንደሚከብድ ታውቁታላችሁ። ቡና ተፈላ፣ ዱዓ ተደረገ፣ 15,000 ብር ተቆጠረ። ወረቀቱን ያነበብኩላት እኔው ነኝ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል። «በዕርቅ ጨርሰናል፤ ወደፊት በፍርድ ቤትም ሆነ በኢንሹራንስ አልጠይቅም» ይላል። «በኢንሹራንስ» የምትለዋ ቃል ምን ልትሠራ እንደገባች ያኔ አልገባኝም።

ብሩ በመድኃኒትና በኮንትራት ታክሲ አለቀ። ከወራት በኋላ ሐኪሙ ብረቱ በኦፕራሲዮን ይውጣ አለ። ኢንሹራንስ ብንሄድ የራሷን ፊርማ አሳዩን። ለካስ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3312 ዕርቅን በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ነው የሚያየው!

ዕርቅ ይቅር እያልኩ አይደለም፣ እሱማ ወጋችን ነው። ግን ሹፌሩን ይቅር ማለት ሌላ፣ ካሳን መተው ሌላ። በአዋጅ 799/2005 የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው። ለተጎጂ የሚከፍለው መድን ሰጪው ነው። ባለንብረቱ የቸኮለው ባጃጁ ከፖሊስ ጣቢያ ወጥቶ ሥራ እንዲጀምርለት ነበር።

ገንዘብ ከሰጧችሁ ተቀበሉ፣ ግን «ለሕክምና ወጪ በከፊል የተቀበልኩ» ተብሎ ይጻፍ። «ጨርሻለሁ» የሚል ቃል ካለ ሐኪም ሕክምናው አለቀ ሳይል፣ ጉዳቱ ቋሚ ከሆነም የሐኪሞች ቦርድ የአካል ጉዳቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ሳይወስን አትፈርሙ። ሰሌዳውንና መስታወቱ ላይ ያለውን የመድን ስቲከር በስልክ ፎቶ አንሱ። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱን ተከታተሉ፣ የአምስት ብር ደረሰኝም ቢሆን አትጣሉ። ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው ከሆነ ደግሞ የመድን ፈንድ የሚባል አለ፣ እዚያ አመልክቱ።

ብቻ እንዳትዘናጉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 መሠረት የካሳ ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ በደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው።

የአክስቴ ብረት ዛሬም እግሯ ውስጥ ነው። ብርድ ሲሆን ሌሊቱን ሙሉ ታሸዋለች።