ቮልቴጅ ማሳደግ ወይስ ትራንዚስተር መደርደር?

ቤት ውስጥ በተሠራ የአማተር ሬዲዮ አምፕሊፋየር ላይ ጥንድ አይአርኤፍ 510 ትራንዚስተር በ12 ቮልት ይሠራል እንበል። ኃይሉ አነሰ። ወይ ቮልቴጁን ወደ 24 ማሳደግ፣ ወይ ሌላ ጥንድ ጎን ለጎን መጨመር ይቻላል።

እኔ ለቮልቴጁ አደላለሁ። ጭነቱ ካልተቀየረ ኃይል የሚያድገው በቮልቴጁ ስኩዌር ነው። ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ በስሌት አራት እጥፍ፣ ማለትም 6 ዲሲብል ይጨምራል። ለሚሰማው ሰው በመቀበያው የሲግናል መለኪያ ላይ አንድ ኤስ ነጥብ፣ ማለትም አንድ እርከን ነው። ድሬኑ (የትራንዚስተሩ የመውጫ እግር) ላይ ያለው ቮልቴጅ 48 ገደማ ቢደርስም ትራንዚስተሩ 100 ይችላል። ደግሞ ቮልቴጁ ከፍ ሲል የድሬን ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ አቅም) ስለሚቀንስ 28 ሜጋኸርዝ ላይ ያግዛል። ጣጣው ሙቀት ነው። የብረት ጀርባው ከድሬኑ ጋር የተገናኘ ስለሆነ ከሂት ሲንኩ (ሙቀት ከሚያስወግደው ብረት) ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ስስ የሚካ ንጣፍ መለየት አለበት፤ ሚካው ደግሞ ሙቀቱን ያዘገያል። አራት እጥፉን ሁሉ ልውሰድ ማለት ትራንዚስተር ማቃጠል ነው። ድራይቩን (ወደ አምፕሊፋየሩ የሚገባውን ሲግናል) ቀነስ፣ ፋኑን ገጠም ማድረግ ይሻላል።

መደርደሩ ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ትርፉ ግን ቢበዛ 3 ዲሲብል ነው፤ ለዚያውም የመውጫው ትራንስፎርመር ተቀይሮ። የጌት (የመግቢያው እግር) ካፓሲታንስ እጥፍ ስለሚሆን ላይኛዎቹ ባንዶች ላይ ጉልበቱ ይከዳል። የጌት መክፈቻ ቮልቴጃቸውም ከ2 እስከ 4 ቮልት ይለያያል፤ ባያሱ (ጌቱ ላይ የሚቀመጠው ቋሚ ቮልቴጅ) ለየብቻ ካልተስተካከለ አንዱ ሸክሙን ብቻውን ይሸከማል። ከመኪና ባትሪ ሌላ ምንጭ ለሌለውና በ7 ሜጋኸርዝ ለሚሠራ ሰው ግን ይኸኛው ያዋጣል።