ጋሼን ላሰማልን የድምፅ ባለሙያ፦ ምስጋናና ጥቆማ

የድምፅ መሣሪያ የሚያከራይና ራሱ ቆሞ የሚያሠራ ባለሙያ ለምትፈልጉ፣ በተለይ ዝግጅታችሁ ሱሉልታና አካባቢዋ ለሆነ፣ አንድ ወጣት ልጠቁማችሁ። አስቀድሜ ግን ቤተሰባችን ያለበትን የምስጋና ዕዳ ልክፈል።

አጎቴ የሳክስፎን ተጫዋች ናቸው። የጃዝ ወዳጅ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ በስማቸው ማስታወቂያ ሲሠራ ስለማይወዱ ግን እዚህ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። በሳንባ ምች ታመው ሆስፒታል በተኙበት ሰሞን ማኅበራዊ መገናኛው ቀድሞ ቀበራቸው። «ነፍስ ይማር» የሚል ጽሑፍ ከነፎቶግራፋቸው ሲዞር፣ ጥቁር ለብሶ እንጦጦን ተሻግሮ የመጣ ዘመድ ነበር። አገግመው ቤት ሲገቡ ታዲያ ጋዜጠኞችን ጠርተው መኖራቸውን በገዛ አንደበታቸው መናገር ፈለጉ።

ችግሩ አንደበቱ ነበር። ለመተንፈሻ ተብሎ በጉሮሯቸው በገባው ቱቦ የተነሣ ድምፃቸው ጎርንኗል። ሐኪማቸው ጮክ ብለው እንዳይናገሩ ነግሯቸው ብቻ አላበቃም፤ ማንሾካሾክም ጉሮሮን ያደክማል ብሎ ከልክሏቸዋል። በዚያ ላይ ግቢው ከጎጃም መንገድ ብዙ አይርቅም፤ ከባድ መኪና ሲያልፍ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። የሱሉልታን ነፋስ ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል። መጀመሪያ ያነጋገርነው አከራይ ለዚህ ሁሉ ያቀረበው መፍትሔ የሠርግ ድንኳን የሚያናውጡ ሁለት ግዙፍ ስፒከሮች ነበሩ።

ይህኛው ወጣት ዋጋ ከመናገሩ በፊት ጋሼ አጠገብ ተቀምጦ ሲያወሩ አዳመጠ። ከዚያ «ጋሼ፣ እርስዎ እንደሚመችዎ ያውሩ፤ ማድረሱ የእኔ ሥራ ነው» አላቸው። ማይክሮፎኑን ስፖንጅ አልብሶ ከአፋቸው ትንሽ ወደ ጎን አድርጎ አስጠጋው። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ከፍ እንደሚል፣ ይህም ከተናጋሪው ምንም ጉልበት እንደማይጠይቅ አስረዳን። ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ጉርምርምታ ከሚክሰሩ (ከድምፅ ማቀናበሪያው) ላይ ሲቆርጠው የመኪናው ድምፅ አብሮ ሳሳ። ጋዜጠኞቹ እንደ ልማዳቸው ማይክሮፎኖቻቸውን ጋሼ ፊት ሊደረድሩ ሲጀምሩ አላስጠጋቸውም፤ ከሚክሰሩ የወጣውን ድምፅ በማከፋፈያ ሳጥን በኩል ለእያንዳንዱ ካሜራ በኬብል አደላቸው። እንደተለመደው መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር ይጮኻል ብሎ ባትሪ ይዞ ስለነበር፣ ጋሼ መጥፋቱን ያወቁት እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ነው።

መጮህ ስላልተጠበቀባቸው ይመስለኛል፣ ጋሼ የዚያን ቀን ያወሩትን ያህል ለጋዜጠኛ አውርተው አያውቁም። አሜሪካዊው የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1973 ኦርኬስትራቸውን ይዘው አዲስ አበባ ሲመጡ የከተማው ሙዚቀኛ እንዴት እንደተደሰተ አነሡ። ሽለላን ከሰው ጉሮሮ ወደ ሳክስፎን ስላሻገረው ስለ ጌታቸው መኩሪያ ብዙ ተናገሩ፤ እዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ ቢመጣም አልሰሙም። ከዚያ ወደ ደርግ ዘመን ዞሩ፤ ሰዓት እላፊ ስለነበር ባንዱም ታዳሚውም ሆቴል ውስጥ ተዘግቶበት እስኪነጋ ይጨፈር ነበር። ይህን ሲተርኩ ድምፃቸው ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር፤ በቀረጻው ላይ ግን እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ይሰማል። አንዱ ጋዜጠኛ «ትንሽ ይንፉልን» ቢላቸው፣ «ሳንባዬ የዓመት ፈቃድ ላይ ነው» ብለው አሳቁን።

ዕድሜ ልካቸውን ከድምፅ ባለሙያ ጋር ሲጣሉ የኖሩት ሰውዬ መጨረሻ ላይ «ይህ ልጅ ጆሮ አለው» አሉ። እኔ በበኩሌ እንዲህ ብለው ያመሰገኑት ሌላ ባለሙያ አላስታውስም።

ልጁ እንከን የለውም አልልም። ገና ሳይነጋ በር አንኳክቶ ቤተሰቡን በሙሉ ቀሰቀሰ። ቃለ ምልልሱ ሊጀመር ሲል ደግሞ አክስቴ ለእንግዶቹ ቡና ሲወቅጡ ሰምቶ ሄዶ ሙቀጫውን አስቆመ። «በገዛ ቤቴ!» ብለው የተቆጡት ቁጣ እስከ ምሳ አልበረደም፤ እሱ ግን ፈገግ ብሎ ይቅርታ ከመጠየቅ በቀር ሐሳቡን አልቀየረም። ጎረቤት የሚሰማው ጭፈራ ለሚፈልግም አይሆንም፤ ስፒከሮቹ ትናንሽ ናቸው። ለመጽሐፍ ምረቃ፣ ለስብሰባ፣ ለሽምግልናና ለመሰል ንግግር ለሚበዛበት ዝግጅት ግን ዓይኔን ሳላሽ እመክረዋለሁ።

የተስማማንበትን ዋጋ ተቀበለ፣ ደረሰኝ ቆረጠ፣ ቀረጻውን በፍላሽ አስረከበን። ስልኩን ለሕዝብ እንዳላወጣበት ስለጠየቀኝ የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቅዳሜና እሑድ ቶሎ ስለሚያዝ ቀደም ብላችሁ ንገሩት፤ ከሱሉልታ ውጭ ለሚሆን ሥራ የመኪና ለብቻ ያስከፍላል።