ለካፒታል ኤሪያ ፉድ ባንክ፦ የዘገየ ምስጋና

ይህን ጽሁፍ ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። የያዘኝ ይሉኝታ ነው። ዛሬ የምጽፈው፣ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ከምንኖረው ሐበሾች መካከል ማቀዝቀዣውን ከፍቶ፣ አይቶ፣ መልሶ የሚዘጋ ሰው እንዳለ ስለማውቅ ነው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ከዚያ ያወጣኝን ድርጅት በስሙ ጠርቼ ላመሰግነው እፈልጋለሁ። ካፒታል ኤሪያ ፉድ ባንክ ይባላል፤ ለቸገረው ሰው ምግብ የሚያደርስ ድርጅት ነው።

በፈረንጆቹ 2020 ማርች ላይ እኔ ዲሲ መሃል ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳ ነበር። ባለቤቴ ታክሲ ይነዳል። ኮሮና ሲገባ ሆቴሉ ባዶ ቀረ፤ ኤርፖርቱም ባዶ ቀረ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለታችንም ቤት ተቀመጥን። ልጆቹ ቁርስና ምሳ የሚበሉት ትምህርት ቤት ነበር፤ እሱም ተዘጋ። አራት ሰው በቀን ሦስት ጊዜ ቤት ሲበላ ስንት እንደሚፈጅ የገባኝ ያኔ ነው። የሥራ አጥ ክፍያ አመለከትን፤ ሳምንታት ዘገየ። የቤት ኪራይ ደግሞ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። እናቴ አዲስ አበባ ሆና ትደውላለች። «ልጄ፣ እዚያ በሽታው በርትቷል ይላሉ። ለመሆኑ የምትበሉት አላችሁ?» «ሞልቷል እማዬ» እላታለሁ። ስልኩን ዘግቼ ሩዙን በኩባያ እለካለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ የምንኖርበት ሕንጻ ላይ ከእኛ በታች አንዲት የኤልሳልቫዶር ሴት ነበረች። እንግሊዝኛዋ ከእኔም ያነሰ ነው። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ጎመንና ድንች የሞላ ካርቶን ይዛ አገኘኋት። ካርቶኑን ሳይ አየችኝ። ምንም አልጠየቀችኝም። ስልኳን አውጥታ የቦታውን ካርታ አሳየችኝ፤ በጣቷ ቀኑንና ሰዓቱን ነገረችኝ። ከዚያ አንድ ጥቅል ጎመን አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠች። ለእሷም ያለኝ ምስጋና የማያልቅ ነው።

ቦታው የአንድ ትምህርት ቤት ፓርኪንግ ነበር። የልብስ ማጠቢያ ጋሪዬን እየጎተትኩ ሄድኩ። ማስክ መልበስ ገና የተጀመረበት ሰሞን ነው፤ እውነቱን ልናገርና ፊቴ በመሸፈኑ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰልፉ ረጅም ነው። ከፊቴ አራት ሰው ያህል ቀድማ ነጠላ በትከሻዋ ጣል ያደረገች ሴት ቆማለች። ዞር ስትል አወቅኋት፤ ከቤተ ክርስቲያን ነው የማውቃት። እሷም አወቀችኝ። ሁለታችንም መሬት መሬት አየን። ያን ቀን ሰላም ሳንባባል ተለያየን። ሁለት ሐበሾች፣ በዐቢይ ጾም፣ ሰላም ሳይባባሉ! ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል።

ተራዬ ሲደርስ የተጠየቅኩት ሁለት ነገር ነው። ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ? ዚፕ ኮዳችሁ ስንት ነው? በቃ። መታወቂያ አላሉኝም፤ የደመወዝ ወረቀት አላሉኝም፤ ለምን ቸገረሽ ያለኝም የለም። ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ድንች፣ ቦሎቄ፣ ሩዝ፣ እንቁላል፣ የቀዘቀዘ የዶሮ እግር ሰጡኝ። መጨረሻ ላይ አንድ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ ጠና ያለ ጥቁር አሜሪካዊ ቆሞ ሽንኩርት ያድላል። አንድ ከረጢት ሰጠኝ። ዓይኔ ሌላው ላይ መቅረቱን አይቶ መሆን አለበት፤ ምንም ሳይናገር ሁለተኛውን ጋሪዬ ላይ ጨመረልኝ። «እናንተ ሐበሾች ሽንኩርት ትወዳላችሁ» አለኝና ሳቀ። ሐበሻ የሚለውን ቃል የት እንደተማረ እግዜር ይወቅ። ከሳምንታት በኋላ የሳቅኩት ያኔ ነው።

ያን ማታ ጥቅል ጎመኑን ከካሮትና ከድንቹ ጋር አልጫ ሠራሁት። ልጆቹ ሁለት ሁለት ጊዜ ጨመሩ። እኔም ጠገብኩ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ፈለግኩ። እኛ ምግብ የሚታደልበትን ቦታ ሁሉ «ፉድ ባንክ» እንላለን። እኔ የቆምኩበት ሰልፍ ግን የመጨረሻው ጫፍ ነው። ፉድ ባንኩ ጎተራው ነው። ምግቡን በብዛት ይሰበስባል፣ ያከማቻል፣ ይለያል፤ ከዚያ ለቤተ ክርስቲያኖች፣ ለመስጊዶች፣ ለትምህርት ቤቶች፣ ለጤና ጣቢያዎችና ለትናንሽ ማኅበራት ያከፋፍላል። እነሱ ናቸው እጃችን ላይ የሚያስቀምጡልን። ካፒታል ኤሪያ ፉድ ባንክ 400 ያህል እንዲህ ያሉ ተባባሪዎች አሉት። የተቋቋመው በ1980 ነው። የሚያገለግለውም ዲሲን፣ የሜሪላንዶቹን ሞንትጎመሪንና ፕሪንስ ጆርጅስን፣ በቨርጂኒያ በኩል ደግሞ አሌክሳንድሪያን፣ አርሊንግተንን፣ ፌርፋክስንና ፕሪንስ ዊልያምን ነው። እኛ የሰፈርንበትን ሁሉ ማለት ይቻላል።

«ባንክ» የሚለው ስም ከየት እንደመጣ ስሰማ ደነገጥኩ። በ1960ዎቹ አሪዞና፣ ፊኒክስ ከተማ ጆን ቫን ሄንግል የሚባል ሰው የድሆች ምግብ ቤት ውስጥ በፈቃደኝነት ይሠራ ነበር። ልጆቿን ለመመገብ ከሱፐርማርኬት የቆሻሻ ገንዳ ምግብ የምትለቅም አንዲት እናት ሐሳቡን ሰጠችው። የሚጣለው ምግብ ሳይጣል፣ ገንዘብ ባንክ እንደሚቀመጥ የሚቀመጥበትና የቸገረው የሚወስድበት ቦታ ቢኖርስ አለችው። በ1967 የመጀመሪያው ፉድ ባንክ እዚያው ፊኒክስ ተከፈተ። ዛሬ በመላው አሜሪካ 200 ያህል ፉድ ባንኮች ፊዲንግ አሜሪካ በሚባል ኅብረት ታቅፈዋል። የሰውዬው ስም በየቦታው ይጠራል። እኔ ግን እሷን አስባታለሁ። እናት ናትና።

ሥራ ከተመለስኩ በኋላ፣ በእረፍት ቀኔ መጋዘኑ ሄጄ በፈቃደኝነት መሥራት ጀመርኩ። ዲሲ ሰሜን ምሥራቅ፣ ፖርቶ ሪኮ አቬኑ ላይ ነው። በ2012 የተከፈተ፣ 123,000 ስኩዌር ፊት የሚሰፋ ሕንጻ ነው፤ ከአንድ ተኩል የእግር ኳስ ሜዳ ይበልጣል። ለቨርጂኒያ በኩል ደግሞ ሎርተን ላይ ሌላ አላቸው። መጀመሪያ ስገባ አንገቴን አቅንቼ ወደ ላይ ነው ያየሁት፤ መደርደሪያው ጣሪያ ድረስ በካርቶን ተሞልቷል። እኔ ስፈራ ስቸር የቆምኩባት ሰልፍ ጀርባ ይህ ሁሉ ነገር ነበር። ሾፌሩ፣ ፎርክሊፍት የሚነዳው፣ ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ጃኬት ለብሶ የሚውለው፣ ዝርዝሩን በኮምፒውተር የሚይዘው።

ምግቡ ከሦስት ቦታ ይመጣል። አንደኛው ከሱፐርማርኬቶችና ከአምራቾች የሚለገሰው ነው። ሁለተኛው የፌደራል መንግሥት ገዝቶ የሚልከው ነው። ሦስተኛው ፉድ ባንኩ ራሱ በእርዳታ ገንዘብ የሚገዛው ነው። ሱፐርማርኬቶቹ «ሰው ቢታመምብን እንከሰሳለን» ብለው እንዳይፈሩ በ1996 የወጣ ሕግ አለ፤ በቅን ልቦና የለገሰን ሰው ከተጠያቂነት ይጠብቀዋል።

ወገኖቼ ሁሌ የሚያነሱት ነገር ስላለ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። «ቀኑ ያለፈበት ምግብ ነው የሚሰጡት» ይባላል። እኔ በእጄ ለይቼዋለሁ። ያበጠ ቆርቆሮ ይጣላል። ጠርዙ ላይ ክፉኛ የተጨረመተ ይጣላል። የተቀደደ፣ የተከፈተ ይጣላል። የሕፃናት ዱቄት ወተት ቀኑ ካለፈ ያለ ምንም ክርክር ይጣላል። በቀረው ላይ ግን «ቤስት ባይ» የሚለው ቀን ጣዕሙና ጥራቱ እስከ መቼ ጥሩ እንደሆነ አምራቹ የሚገምተው ነው እንጂ ከዚያ በኋላ መርዝ ይሆናል ማለት አይደለም። የፌደራሉ ሕግ ቀን ግዴታ ያደረገው ለሕፃናት ወተት ብቻ ነው። ቀኑ ትናንት ያለፈ የቦሎቄ ቆርቆሮ ደህና ቦሎቄ ነው። ለልጆቼ አብልቻለሁ፤ ዛሬም አበላለሁ።

ይህ የእኔ ብቻ ታሪክ ቢሆን ኖሮ ለራሴ እይዘው ነበር። ፉድ ባንኩ በየዓመቱ ስለ ረሃብ ጥናት ያወጣል። በ2024ቱ ጥናት መሠረት በዚህ አካባቢ ከ100 ሰው 37ቱ በዓመቱ ውስጥ በቂ ምግብ የማግኘት ችግር ገጥሞታል። በ2025ቱ 36 ነው። ከሦስት ሰው ከአንድ በላይ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሕንጻና መኪና እያዩ ለማመን ይከብዳል። ሰልፉ ላይ ግን የሥራ ልብስ የለበሰ ሰው ይበዛል። ነርስ ረዳት አለች፣ ፓርኪንግ የሚሠራ አለ፣ ሁለት ሥራ የሚሠራ አለ። በ2025 የፌደራሉ መንግሥት በጀት ሳይጸድቅ ቀርቶ ለ43 ቀን ሲዘጋና የኖቬምበር ፉድ ስታምፕ (መንግሥት ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠው የምግብ መግዣ) ሲዘገይ ደግሞ የፌደራል መሥሪያ ቤት ባጅ ያላቸው ሰዎች መጡ። ባጁን ኮታቸው ውስጥ ሸሽገውታል። አውቀዋለሁ፤ እኔም ፊቴን ሸሽጌ ነው የመጣሁት።

በእኛ ማኅበረሰብ ላይ ሌላም ነገር መጥቷል። በጁላይ 2025 በወጣው ሕግ ጥገኝነት ያገኙና በስደተኝነት የመጡ ሰዎች ግሪን ካርድ እስኪያገኙ ድረስ ከፉድ ስታምፕ ወጥተዋል። ስንት ሐበሻን እንደሚነካ መገመት አያቅታችሁም። ቤታችሁ አዲስ የመጣ ዘመድ ወይም ጓደኛ ካለ ይህን ጽሁፍ አንብቡለት። እኔ በሄድኩባቸው ቦታዎች የስደት ወረቀት የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም። የመንግሥት ምግብ የሚታደልበት ቦታ ገቢያችሁን ሊጠይቅ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ቃላችሁ በቂ ነው።

እንዴት ይገኛል ለምትሉ፣ ድረ ገጻቸው ላይ ካርታ አለ። ዚፕ ኮዳችሁን ስታስገቡ ቅርባችሁ ያለውን ቦታ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ያሳያችኋል። ኢንተርኔት ያልለመዱ እናትና አባት ካሏችሁ 211 ደውሉላቸው፤ እርዳታ የት እንደሚገኝ የሚነግር የስልክ መስመር ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ሰዓቱን አረጋግጡ፤ ይቀያየራል። ጠንካራ ከረጢት ወይም ጋሪ ያዙ። የማትበሉትን «አልፈልግም» በሉ፤ አይቀየሙም። አሳማ የማትበሉ፣ የምትጾሙ፣ ሙስሊም ወገኖቼም፣ ቀድማችሁ ተናገሩ። ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ቦታ ላይ አንዲት ሠራተኛ ሰው ፊት ጮኻብኝ እያለቀስኩ ተመልሻለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቦታ ሄድኩ፤ እዚያ ደግሞ ወንበር አምጥተው አስቀመጡኝ። አንዱ ካስከፋችሁ ሌላውን ሞክሩ እንጂ ቤት አትቀመጡ።

ያላችሁ ደግሞ ስጡ። ገንዘብ ከሰጣችሁ በጅምላ ስለሚገዙበት እኛ ሱፐርማርኬት ገብተን ከምንገዛው በላይ ይሠራበታል። ጊዜ ካላችሁ ቅዳሜ ወጣቶቻችሁን ይዛችሁ መጋዘኑ ኑ። የዕድር፣ የማኅበርና የሰንበት ትምህርት ቤት ሰዎች፣ እናንተንም ነው የምለው። ምስር፣ ሽሮና በርበሬ የሚያውቅ ሰው ሰልፉ ላይ እንዳለ የፉድ ባንኩ ሰዎች ያዩ ዘንድ እኛ እዚያ መታየት አለብን።

ከቤተ ክርስቲያን የማውቃት ያቺ ሴት አሁን እህቴ ናት። ከዚያ ቀን ሁለት ሳምንት በኋላ ሰልፉ ላይ ዳግም ተገናኘን። እሷ ቀድማ «እንዴት ነሽ እህቴ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ በእሷ መኪና አብረን እንሄድ ነበር። አሁን መጋዘኑ አብረን ነው የምንሄደው።

እና አንተ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበስከው ሰው፣ ስምህን ሳልጠይቅህ ቀረሁ። በኋላ ፈልጌህ አጣሁህ። ያን ዓመት ፋሲካ ኤፕሪል 19 ቀን ነበር የዋለው። ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቶ ቤት ሆነን አከበርን። ዶሮው እግር ብቻ ስለነበር ብልቱ አልሞላም። እንቁላሉ ግን ነበረ፤ በርበሬው ከእናቴ የተላከ ነበር። ሽንኩርቱ ያንተ ነው፤ ሁለቱንም ከረጢት ከትፌ ከጠዋት እስከ ማታ አቁላላሁት። ዶሮ ወጥ ሠራሁ። እናቴ ደውላ «ምን በላችሁ?» ስትለኝ ያን ቀን አልዋሸኋትም።