አምስት ወር የያዝኳት የመርካቶ ዘንቢል

መርካቶ 450 ብር ነው የገዛኋት። ግን መጀመሪያ ለምን እንደገዛኋት ልናዘዝ። እኔ እኮ ፌስታል ይጥፋ እያልኩ ፌስቡክ ላይ ስጨቃጨቅ የከረምኩ ሰው ነኝ፣ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሳሳ ፌስታል በ1999 በአዋጅ መከልከሉን ሁሉ እየጠቀስኩ፣ 2017 ላይ ፓርላማው ጭራሽ ሲከለክለው ደግሞ "በስንት ጊዜው!" ብዬ የለጠፍኩ። አንድ ቀን ባለቤቴ ከኩሽና በር ጀርባ የተንጠለጠለውን፣ ፌስታል የተጠቀጠቀበትን ፌስታል (እናንተም ቤት አለ፣ አትዋሹ) አውርዳ ወለሉ ላይ ዘረገፈችው። ምንም አላለችም። 63 ድረስ ቆጥሬ ተውኩት። አብዛኛው እኔ ያመጣሁት ነው፣ ሁለት ሎሚ የገዛሁበት ሳይቀር።

ወደ ዘንቢሏ ስንመጣ፣ ከላስቲክ የተጎነጎነች ናት፣ አዎ ላስቲክ፣ ሳቁ፣ ግን አንዴ ተገዝታ አምስት ወር ሙሉ አንድም ቦታ አልተተረተረችም። 5 ኪሎ ድንች ከ3 ኪሎ ሽንኩርት ጋር ትሸከማለች። ቲማቲም ከላይ ካላረጋችሁት ግን ቤት ስትደርሱ ስልስ ሆኖ ነው የምታገኙት። እጀታዋ ቀጭን ስለሆነ ጣት ይቆርጣል፣ እኔ አሮጌ ካኔተራ ጠቅልዬበታለሁ። ትልቁ ችግሯ አትታጠፍም፣ ስለዚህ ከስራ ስመለስ አስቤዛ ልግዛ ካልኩ እሷ ቤት እኔ ጉሊት። የመጀመሪያው ወር ግማሹን በፌስታል ነው ያሳለፍኩት፣ በኋላ ነው አንድ የጨርቅ ቦርሳ አጥፌ ላፕቶፑ ጋር መያዝ የጀመርኩት።

የጉሊት ደንበኛዬ መጀመሪያ ቲማቲሙን መዝና ፌስታሉን እፍ ብላ ልትከፍት ስትል "እማዬ በዚህ ይሁንልኝ" ብላት "ምነው የኔ ልጅ፣ ፌስታሉን እኮ አላስከፍልህም" አለችኝ፣ ተቀይሜ መስሏት። አሁን ከሩቅ "ባለ ዘንቢሉ!" ትለኛለች፣ ቃሪያም ትመርቅልኛለች። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ከወንበር ስር አርጋት ይላል፣ አትገባም፣ ጭኔ ላይ ነው የምትቀመጠው። ጓደኞቼማ "እትዬ" ብለውኛል፣ ይበሉ።

እንጀራ ግን አሁንም በፌስታል ነው የምገዛው፣ ለሱ ያገኘሁት መላ የለም። የበሩ ጀርባ ክምችት ወደ ሃያ ወርዷል፣ እሱም ለቆሻሻ እየወጣ ነው። ከ10 ሰባት እሰጣታለሁ፣ እጀታዋን ትንሽ ቢያወፍሩት ዘጠኝ ነበረች።